ከመሀል ወደ ጋቢና

ጫማ ጠጋኙ ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። ከዚህ ውስጥ የሃያ ሦስቱን ዓመት እሁዶች ያሳለፈው ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ነው። ታላቅ ወንድሙ መኪናዋን ከገዛ ጀምሮ የእሱ ቦታ አንዲት ናት፤ የኋላ ወንበር መሀል፣ ወለሉ እንደ ግመል ሻኛ ጉብ ያለበት ላይ። እግሩን ግራና ቀኝ ካደረገ የሴቶቹን ጫማ ይረግጣል። ጉብታው ላይ ካደረገ ጉልበቱ ከጆሮው ጋር ይወያያል። ወንድሙ በየእሁዱ «ሳንባችሁን አየር እናስነካው» እያለ ቤተሰቡን ጭኖ ከከተማ ውጪ ይወጣል፤ ጫማ ጠጋኙ ግን ያንን ሁሉ አገር የሚያውቀው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል ባለች ጣት በማታሳልፍ ክፍተት ብቻ ነው። ላም አይቶ አያውቅም፤ የላም ቁራጭ እንጂ።

በሰፈሩ «ማስቲሽ» ይሉታል። ቅጽል ስሙ የወጣለት በጫማ ማጣበቂያው ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ሱቁ አንድ አልጋ ብታስገባባት እሱ ራሱ ውጪ የሚቆምባት ናት። ግድግዳዋ ላይ ወስፌ፣ ጉጠት፣ የጫማ ቅርጾችና ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ ነጠላ ጫማዎች ተሰቅለዋል። ሶል ለማስለጠፍ የመጣ ሰው ሳይጠይቅ ጫማው ተወልውሎ ይመለስለታል፤ ማስቲሽ ቆዳ በእጁ ከገባ ሳያበራው መልቀቅ አይችልምና። ማብራቱን የሚያረጋግጥበት የራሱ ዘዴም አለው። ጫማውን ወደ ፊቱ ያስጠጋና ጥርሱን ገልጦ ያየዋል። የላይ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ካልቆጠረ፣ ብሩሹን መልሶ ያነሣል። በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ፣ አንድ ጎልማሳ በጫማ ላይ የሚያገጥጥ ይመስለዋል።

በመኪናዋ ውስጥ ያለው አቀማመጥ እንግዲህ ከሕገ መንግሥት አይተናነስም። መሪውን የሚይዘው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ጋሼ። ጋሼ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ሲሆን በደረት ኪሱ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ይዞራል፤ ለማናቸውም ነገር ከመቶ ውጤት ይሰጣል። ለሻይ ስልሳ አምስት፣ ለጎረቤት አጥር አርባ፣ ለዝናብ ሰባ ሁለት። ጋቢናው የእህታቸው ነው። እህታቸው ከማስቲሽ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ እሁድ ከኋላ ተቀምጣ ፊቷ ገርጥቶ ስለነበር «መኪና ያዞራታል» ተብሎ ተወሰነ። ሕመሙን ሐኪም አይቶት አያውቅም፤ ጋቢናው ግን ታዘዘላት። ከኋላ በአንደኛው መስኮት አሮጊቷ አክስታቸው ይቀመጣሉ፤ በሌላኛው መስኮት የጋሼ ሚስት። አክስት ይህችን ሴት ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላም «ሙሽሪት» እያሉ ስለሚጠሯት ስሟ እሱው ሆኖ ቀረ። የማስቲሽ የራሱ ሚስት ደግሞ «አምስት ሰው በሞላው መኪና ስድስተኛ አልሆንም» ብላ እሁድን ቤቷ ተዘርራ ታርፋለች። ብልህ ሴት ናት።

ማስቲሽ አንድ ጊዜ ደፍሮ ጠይቆ ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ እኔ ጋቢና ብቀመጥስ?»

«አንተ ገና ልጅ ነህ» ነበር መልሱ። ያን ቀን ማስቲሽ አርባ አራት ዓመቱ ነበር፤ ፀጉሩም ግማሹ ነጭ።

ነገሩ የተጀመረው ጋሼ ዕድሜውን የፈጀበት ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲልክ ነው። አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በስሙ ሊሰየም ነው፤ በመጪው ሳይሆን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ተማሪዎች በበሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይቀበሉታል። ጋሼ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበና (ለሰዋስዉ ሰማንያ ሰጠው) ወደ ግቢ ወጥቶ የመኪናዋን አራት በሮች ከፈተ። ከዚያ በፊት አይቷት የማያውቅ ይመስል ቆሞ ቀረ። ስትገዛ ክሬም የነበረው ውስጧ፣ ወንበሩ የጉበት፣ በሮቿ የአሮጌ ጥርስ፣ ዳሽቦርዱ ደግሞ ስም የሌለው ቀለም ይዟል። ፀሐይ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በመስኮት እየገባች ያሻትን ስትሠራ፣ አንድ ሰው እንኳ ልብ አላላትም።

«ሠላሳ አንድ» አለ ጋሼ በቀስታ። የመኪና ወንበር የሚያለብሱትን ሰዎች ሄዶ ጠየቀ፤ ወር ይፈጃል አሉት።

በዚያው ምሽት ሳሎን ውስጥ ሁሉም በተቀመጡበት ማስቲሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ቀለሙን እቀይረዋለሁ። በአንድ ሳምንት።»

«ወንበር ጫማ አይደለም» አለ ጋሼ።

«ጫማ ላይ ሰው ይቆማል፣ ወንበር ላይ ሰው ይቀመጣል። ለቆዳው ምን ለውጥ አለው ጋሼ?»

ጋሼ አሰበ። «ለመልሱ ሰባ አምስት። በምትኩ ምን ትፈልጋለህ?»

«ጋቢና።»

ኩላሊት የጠየቀ ያህል ሁሉም ዞረው አፈጠጡበት። እህቱ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች፤ ገና ሳትሳፈር ዞረባት። «እኔስ? ከኋላ ሆኜ ወደ ላይ ቢለኝስ? ሙሽሪት ቀሚስ ላይ?»

«ለምን የእኔ ቀሚስ?» አለች ሙሽሪት፣ ቀሚሷን ከወዲሁ ሰብስባ። «አክስት አሉ አይደል በዚያ በኩል?»

«ይቀመጥ እንጂ!» አሉ አክስት። «ሃያ ዓመት ሙሉ በጉልበቱ ጎኔን ሲወጋኝ! የሱን አጥንት ከኔ አጥንት መለየት አቅቶኛል። ሂድልኝ ልጄ፣ ጋቢናም ሂድ፣ ኮፈኑ ላይም ውጣ።»

ጋሼ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። «ከመቶ ሰማንያ ካመጣህ ጋቢናው ያንተ ነው። ለአንድ ጉዞ።»

ማስቲሽ በማግስቱ የሱቁን በር ዘግቶ «ትልቅ ጫማ ላይ ነኝ» የሚል ወረቀት ለጠፈበትና ወደ ወንድሙ ግቢ ገባ። ብሎኑን ሁሉ ፈትቶ ወንበሮቹን አወጣ፤ የበሮቹን ልባስ ገነጠለ፤ የዳሽቦርዱን ክዳን ነቀለ። ሆድ ዕቃዋ የወጣላት መኪና ግቢው መሀል አፏን ከፍታ ቆመች። ቤቱም መኪና ሆነ። የበር ልባሶቹ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተደገፉ፤ የዕቃ ማስቀመጫዋ ክዳን ወጥ ቤት መስኮት ላይ ተሰጣ። አክስት ጋቢናውን ጥላ ሥር አስቀምጠው ምሳቸውን እዚያ ላይ መብላት ጀመሩ። እህትየው ሥራውን ልታይ መጥታ ሣሩ ላይ ከተቀመጠው የኋላ ወንበር አረፍ እንዳለች ፊቷ ገረጣ።

«ምነው እትዬ?» አለ ማስቲሽ።

«ዞረብኝ።»

«መኪናው እኮ የለም! ወንበር ብቻ ነው!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ሰውነቴ አያውቅ!»

በቀለሙ ላይ ጋሼ ጥቁር ነበር የፈለገው። ማስቲሽ ሠላሳ ዓመት ጥቁር ጫማ ሲቀባ ኖሮ ጥቁር ሰልችቶታል። ስለዚህ አልተከራከረም፤ የጋሼን የቤት ጫማ አንዱን እግር ብቻ ወስዶ ቡርጋንዲ፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ቀባና አልጋው ሥር መለሰው። ጋሼ ጠዋት አንድ እግሩ የሚኒስትር፣ አንድ እግሩ የጡረተኛ ሆኖ ወጣ። ሁለቱንም እያፈራረቀ አየና «ዘጠና» አለ። ነገሩ አለቀ።

ሥራው ያው የጫማ ሥራ ነበር፤ ጫማው በዛ እንጂ። በሳሙና አጠበ፤ በአልኮል ወለወለ፤ በብርጭቆ ወረቀት ዳበስ ዳበስ አደረገ። ከዚያ በስፖንጅ ቀለሙን አንድ ጊዜ፣ ሲደርቅ ሁለተኛ፣ ሲደርቅ ሦስተኛ አስገባ። ቀለም ወደ ቆዳ ሲገባ ቀርቦ ያየ ሰው ሌላ ነገር ማየት ያስጠላዋል። መጀመሪያ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ እንግዳ ነው። ከዚያ የቱ ጋ እንደሆነ ሳይታወቅ ይሰምጣል፤ ቆዳውም ከተወለደ ጀምሮ እንዲያ የነበረ ይመስላል። ማስቲሽ ይህን በቀን ሃያ ጊዜ አይቶታል፤ አሁንም ባየው ቁጥር ትንፋሹን ይውጣል። የሁለት ወንበር ያህል ስፋት ሲሆን ደግሞ ጨርሶ ሊያፍነው ደረሰ።

ዐርብ ዕለት ሁሉም ቦታ ቦታው ተመልሶ ተገጠመ። ያማረ ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ይገባው ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያቆም ነበር። ማስቲሽ ግን ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን ገለጠ። አንድም ጥርስ አልታየውም።

ስለዚህ የሰሙን ቆርቆሮ ከፈተ። ወንበሮቹን ከመደገፊያ እስከ መቀመጫ ሰም ቀብቶ በብሩሽ አፋተገ፤ በከፈይ ጨርቅ ወለወለ፤ ደግሞ ቀባ። ሦስተኛ ዙር ላይ ፊት ለፊት ያሉትን ስድስቱን ጥርሶች፣ ከዚያም በላይ በልጅነቱ የተሸረፈውን አንዱን ክራንቻ በግልጽ አየ። መሪውንና የፍሬኑን መርገጫ ግን ሰም አላስነካቸውም። ያን ያህል ሞኝ አይደለም።

ጋሼ ለፈተና መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ አንገቱን በየበሩ አስገባ። ውስጧ ቀይ ወይን እንደተሞላ ብርጭቆ ያበራል። «ግቡና ተቀመጡባት እስቲ» አለች ሙሽሪት። ጋሼ ግን «ለነገው ይቆይ፣ እንዳይጨማደድ» አለ። እስክሪብቶውን አወጣ። «ዘጠና ሦስት። ሰባት ያጎደልኩት አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ስለሚሸት ነው።»

ማስቲሽ ቅዳሜ ጠዋት ሱሪውን ተኩሶ መጣ፤ ማንም ሳይቀድመው ጋቢና ገብቶ በሩን ዘጋ። አክስትና ሙሽሪት በየመስኮታቸው ገቡ፤ እህትየው ጥቁር ፌስታል አፏ ላይ ይዛ መሀል ተሸጎጠች። ጋሼ በነጭ ሱፉና በባርኔጣው ሆኖ መሪውን ያዘ። የመኪናዋ ቀበቶዎች ማያያዣቸው ከተሰበረ ስለቆየ ለወግ ያህል ትከሻ ላይ ጣል ተደረጉ።

መኪናዋም ሄደች። ማስቲሽ አፉን ከፈተ። ለካ መንገድ እንዲህ ነው የሚመጣው! ዳር ያለው ዛፍ ከሩቅ ትንሽ ሆኖ ይነሣና እየተጣደፈ አድጎ ባጠገብህ ያልፋል። ለካ ሰማይ ከመስታወቱ ሁሉ ግማሹን ይይዛል! አንዲት ላም ከነራሷ፣ ከነሆዷ፣ ከነጅራቷ ሙሉ ሆና አለፈች፤ ሊያጨበጭብላት ቃጣው። ይህ ሁሉ ደስታ እስከ መጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ድረስ ቆየ።

እዚያ ላይ ጋሼ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ቆመች። ሰዎቹ ግን አልቆሙም።

ጋሼ ከወንበሩ ሾልኮ ወደ ታች ወረደና አገጩ መሪው ላይ ተንጠለጠለ። ማስቲሽ በጉልበቱ ዳሽቦርዱን መታ። ሙሽሪት በአፍንጫዋ የጋሼን መደገፊያ ተሳለመች።

«አክስት የት አሉ?» አለች ሙሽሪት አፍንጫዋን ይዛ።

«እዚህ ነኝ» የሚል ድምፅ ከወለሉ መጣ። ከቆይታ በኋላ አሮጊቷ ነጠላቸውን ካናታቸው ላይ እየገለጡ ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው እንደ ሕፃን ያበራል። «ድገመው!»

«ምንድን ነው የቀባኸው?» ጋሼ ወደ ላይ ለመመለስ እየቧጠጠ ጮኸ።

«ሰም… ትንሽ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ሦስት ጊዜ። ጥርሴ አልታይ ብሎኝ እኮ ነው ጋሼ!»

«የምን ጥርስ? ጥርስህን እኔ አሳይህ ነበር!»

ለመመለስ ጊዜ የለም። ሙሽሪት የትከሻ ልብሷን አውልቃ ጋሼ ሥር አነጠፈችለት፤ በሚቀጥለው ፍሬን ጋሼ ከነልብሱ ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠ ንጉሥ ተንሸራትቶ ወረደ። መኪና ውስጥ ንቅንቅ ያላለችው እህትየው ብቻ ነበረች። በሁለት ሴቶች መሀል ተቀርቅራ፣ እግሯን ጉብታው ላይ ተክላ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላለች።

«እኔ ምንም አልሆንኩም» አለች በመገረም። ፌስታሉን ከአፏ አወረደች። «ደግሞ አልዞረኝም!»

በስተመጨረሻ ዘዴ ያገኘው ማስቲሽ ነው። እግሩን በሩ ላይ ተክሎ ወደ ጋሼ ዞረ፤ ግራ እጁን በወንድሙ ደረት ላይ አጋድሞ፣ በቀኙ ቀበቶውን ከጎኑ ጨመደደ። እንደ ስሙ ተጣበቀበት። ጋሼ ፍሬን ሊይዝ ሲል «ያዝ!» ይላል፤ ማስቲሽ ይይዛል። «ያዝ!» ይይዛል። ሁለቱ ወንድማማቾች በዓመት ሁለት ጊዜ እጅ ከመጨባበጥ በቀር ሳይነካኩ ስንት ዘመን ኖረው ነበር፤ አሁን የጋሼ ልብ ከማስቲሽ መዳፍ ሥር እንደ ስፌት መኪና ይመታል። መንገዱ፣ ሰማዩ፣ ከብቱ ሁሉ በጀርባው በኩል አለፈ። ሲመኘው ከኖረው ጋቢና ያየው የወንድሙን ጆሮ ብቻ ነው። ቢሆንም ገረመው። ጆሮው ላይ ሦስት ነጭ ፀጉር በቅሏል፤ ቅርጹም ቁርጥ የአባታቸው። ይህን ያህል ቀርቦ አይቶት አያውቅም።

በትምህርት ቤቱ በር ተማሪዎቹ በሁለት ረድፍ ተሰልፈዋል። ጋሼ ከርቀት ሲያያቸው ደነገጠና «ያዝ» ማለቱን ረሳ። ተማሪዎቹ ያዩት፣ ሹፌር የሌላት መኪና መሪዋ ላይ ባርኔጣ ብቻ አስቀምጣ ቀስ ብላ መጥታ ስትቆም ነው። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ ከመኪናው ወረደ አይባልም፤ ፈሰሰ። ተማሪዎቹ ይህም የሥርዓቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።

የሰሙ ጣጣ ግን እዚያ አላበቃም። ከወንበሩ ወደ ነጩ ሱሪ ተላልፎ የጋሼ መቀመጫ ጠዋት ፀሐይ ላይ ብልጭ ይል ነበር፤ ከኋላው የሚሄዱት መምህራን በእጃቸው ዓይናቸውን ይከልላሉ። በመድረኩ የፕላስቲክ ወንበር ላይም አጠገቡ የቆመው የኮሚቴ ሰብሳቢ ንግግር ሳያልቅ ሁለት ጊዜ ሊወርድ ሲል የሰብሳቢውን ክራቫት ይዞ ተረፈ። ሆኖም ሪባኑን ቆረጠ፤ የተማሪዎቹን መዝሙር ሰምቶ ዘጠና ሰባት ሰጠ፤ ዓይኑን በመሐረብ አበሰ።

ሲመለሱ መኪናዋ አጠገብ ጠብ ተነሣ። እህትየው ተሽቀዳድማ ገብታ መሀል ተተክላለች፣ ማንም ሊነቅላት አልቻለም። «የኔ ቦታ ይሄ ነው፤ ጤናዬን አግኝቼበታለሁ!» ትላለች። ሙሽሪት አፍንጫዋን ይዛ መሀሉን ለመካፈል ትገፋለች። አክስት ደግሞ የጋቢናውን በር እጀታ ጨብጠዋል።

«እኔ ፊት ነው የምሆነው» አሉ። «ከፊት ሲሆን አወራረዱ ይረዝማል።»

«አይሆንም አክስቴ» አለ ጋሼ። ወደ ማስቲሽ ዞረ፤ ላብ አጥምቆታል። «ጋቢናው የሱ ነው። እሱ ካልያዘኝ አልነዳም። ዛሬም፣ የፊታችን እሁድም፣ ወደፊትም።»

ማስቲሽ የሰማውን ማመን አልቻለም። ገብቶ ተቀመጠ፤ ጋሼም ቀስ ብሎ፣ እንቁላል ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ገባ። ቁልፉን ሳያዞር ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«እውነቱን ንገረኝ። ይሄን ሰም ማንሣት ይቻላል?»

ማንሣት ይቻላል። ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅና በትንሽ አልኮል ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ቀለሙም አይነካም። ሱቁን ትናንት የከፈተ ጫማ ሠሪ እንኳ ያውቀዋል። ማስቲሽ አፉን ለመልሱ ከፈተ። ከፊቱ ሰፊ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከበሩ ወዲያ መንገዱ።

«ይቻላል እንኳ» አለ እየተጎተተ። «ግን ከባድ ነው ጋሼ። ጊዜ ይፈልጋል። በራሱ እስኪለቅ ሁለት ዓመት… ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።»

«ሁለት ዓመት!»

«ጥሩ ሰም ነዋ።»

ጋሼ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ሞተሩን አስነሣ። ማስቲሽ በጠዋቱ ጉዞ ተምሯል፤ አሁን ለመያዝ ግራ ክንዱ ብቻ ይበቃዋል፤ እግሩን ወደ ፊት ከተከለ ፊቱን ወደ መንገዱ ማድረግ ይችላል። አደረገም። ዛፎቹ ከሩቅ እየተነሡ ይመጡ ጀመር።

አደባባዩ ጋ የትራፊክ ፖሊሱ እጁን አነሣ። «ያዝ!» አለ ጋሼ። ማስቲሽ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ያዘ። ፖሊሱ ቀረብ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ሁለት ሽበታም ሰዎች ተቃቅፈው ፊት ለፊት ያፈጣሉ፤ አንደኛው ያልበዋል፣ አንደኛው ፈገግ ብሏል። ከኋላ ሦስት ሴቶች ለአንድ ቦታ ይገፋፋሉ። በየትኛው አንቀጽ እንደሚጠይቃቸው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደና ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፋቸው።